አልበርት ባሊን፦ ባለጸጎችን ለመዝናኛ ወደ ባሕር ያወጣው የስደተኞች ትኬት ሻጭ

ወደ ጂቡቲ ወይም ወደ ሞምባሳ ወደብ ዘልቆ በኮንቴይነሮች ረድፍ መካከል ያለፈ ሰው፣ ሀፓግ-ሎይድ የሚል ስም የተጻፈባቸውን ብርቱካናማ ኮንቴይነሮች ሳያስተውል አይቀርም። ስሙ ዛሬ የሚታወቀው በጭነት ነው። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው በጀርመኗ የወደብ ከተማ ሐምቡርግ፣ ባሊንዳም በሚባል የሐይቅ ዳር ጎዳና ላይ ነው። ጎዳናው በስሙ የተሰየመለት ሰው በሕይወት ዘመኑ በድሆችም በባለጸጎችም ጉዞ ላይ ሠርቷል። ባለጸጎቹን ግን በመጀመሪያ ማሳመን ነበረበት።

እአአ ጥር 22 ቀን 1891 ኦገስታ ቪክቶሪያ የተባለች የእንፋሎት መርከብ የኤልበ ወንዝ ባሕሩን ከሚገናኝበት ከኩክስሐፈን ወደብ ተነሣች። በላይዋ 241 መንገደኞች ነበሩ። ወደ አሜሪካ የሚሰደዱ አልነበሩም፤ ለንግድም ሆነ ለመንግሥት ሥራ የተላኩም አልነበሩም። ከኩክስሐፈን ተነሥተው፣ ሜዲትራንያንን ዞረው፣ ከ57 ቀናት በኋላ ተመልሰው ወደ አገራቸው ሊገቡ ነው ገንዘብ የከፈሉት። መሄጃውና መመለሻው አንድ የሆነ የባሕር ጉዞ፣ ያውም በብርዱ ወራት፣ ለዚያ ዘመን ሰው ለመረዳት የሚያስቸግር ነገር ነበር።

ጉዞውን ያሰበው አልበርት ባሊን በጊዜው የ33 ዓመት ሰው ነበር።

ባሊን የተወለደው እአአ ነሐሴ 15 ቀን 1857 በዚያችው በሐምቡርግ፣ በወደቡ አቅራቢያ ነው። ከብዙ ልጆች መካከል የመጨረሻው ነበር። ከዴንማርክ የመጣው አይሁዳዊ አባቱ ሳሙኤል፣ ሞሪስ እና ኩባንያው በተባለ አነስተኛ የስደተኞች ወኪል ድርጅት ውስጥ ድርሻ ነበረው። የድርጅቱ ሥራ ከአውሮፓ ወጥተው ወደ አሜሪካ መሻገር ለሚሹ ሰዎች በሌሎች መርከቦች ላይ ቦታ መሸጥ ነበር። አባትየው እአአ በ1874 ሲሞት ወራሹ የ17 ዓመት ወጣት ነበር። ኮሌጅ አልገባም። ትምህርት ቤቱ የወኪሉ ቢሮና ወደቡ ሆኑ። እንግሊዝኛን አጥርቶ ተማረ፤ ከእንግሊዝ የመርከብ ሰዎች ጋር በቀጥታ መደራደር የቻለውም በዚሁ ነው።

በዚያ ዘመን ድሃ ስደተኛ የሚጓዘው በመርከቡ የታችኛው ክፍል፣ ከጭነቱ አጠገብ ነበር። በመርከቡ ላይ ንጹሕ አየር የሚያገኝበት ቦታም ጠባብ ነው፤ ሰፊው የላይኛው ወለል የባለ አንደኛ ማዕረጎቹ ነውና። ባሊን እአአ በ1881 ኤድዋርድ ካር ከተባለ የመርከብ ባለቤት ጋር ተስማምቶ አንድ ነገር ለወጠ። የካር የጭነት መርከቦች ስደተኞችን ብቻ እንዲጭኑ፣ ሌላ ማዕረግ እንዳይኖራቸውና መንገደኛው በመርከቡ ወለል ላይ እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ አደረገ። ዋጋውም ዝቅ ያለ ነበር። ሐሳቡ የበጎ አድራጎት አልነበረም፤ ሒሳብ ነበር። ስደተኛው ተጠቀመ፣ ካርም ተጠቀመ፤ የተጎዳው የከተማዋ ትልቁ የመርከብ ድርጅት፣ እአአ በ1847 የተመሠረተው ሐምቡርግ-አሜሪካ መሥመር፣ በምኅጻሩ ሀፓግ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት የዋጋ ጦርነት በኋላ ሀፓግ ከተፎካካሪው ጋር ታረቀ። ከዕርቁ ጋርም ወጣቱን ራሱን እአአ በ1886 የመንገደኞች ክፍል ኃላፊ አድርጎ ቀጠረው። ተፎካካሪን ከማሸነፍ መቅጠር የሚቀልበት ጊዜ አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ባሊን የዳይሬክተሮች ቦርድ አባል ሆነ።

አዲሱ ኃላፊ ሀፓግ ከእንግሊዞቹ ጋር የሚወዳደሩ ፈጣን መርከቦች እንዲያሠራ ገፋፋ። ከእነዚህ የመጀመሪያዋ እአአ በ1889 ሥራ የጀመረችው ኦገስታ ቪክቶሪያ ናት። በጀርመን የዳግማዊ ቪልሄልም ባለቤት በሆኑት እቴጌ ስም ተሰየመች። ነገር ግን የእቴጌዪቱ ስም ኦገስተ እንጂ ኦገስታ አልነበረም፤ ስሕተቱ የታረመው መርከቧ ከዓመታት በኋላ ታድሳ በረዘመች ጊዜ ነው። ስሟ ቢሳሳትም መርከቧ ዘመናዊ ነበረች። በሁለት ፕሮፔለር ትሄድ ስለነበር አንዱ ቢበላሽ በሌላው መንገዷን መቀጠል ትችላለች። ሸራ ሳይዘረጋ ውቅያኖስ መሻገር ገና ሙሉ እምነት ባላገኘበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ችግሩ ብርዱ ወራት ሲገባ የሚመጣ ነበር። ሰሜን አትላንቲክ ይናወጣል፣ ጭጋግና በረዶ ይበዛል፤ የሚችል ሁሉ ጉዞውን ወደ ጸደይ ያስተላልፋል። ከአንድ ሺህ ሰው በላይ የምትይዝ መርከብ ባዶዋን ብትሄድ የድንጋይ ከሰሉ ወጪ ከገቢው ይበልጣል፤ ወደብ ላይ ብትቆምም ደመወዙና የብድሩ ወለድ አይቆሙም። ባሊን መርከቧን ሙቀት ወዳለበት ባሕር መላክና መንገደኛውን ለጉዞው ራሱ ማስከፈል የሚል መፍትሔ አመጣ። ከባልደረቦቹ መካከል ዕብደት ነው ያሉ ነበሩ ይባላል።

ሐሳቡ ከዜሮ የተነሣ አልነበረም። እአአ በ1867 ኩዌከር ሲቲ የተባለች መርከብ አሜሪካውያን ጎብኚዎችን ጭና እስከ ቅድስት አገር ደርሳለች፤ ከመንገደኞቿ አንዱ የሆነው ማርክ ትዌይን በጉዞው ላይ መጽሐፍ ጽፏል። የእንግሊዝ ድርጅቶችም ለሽርሽር መርከብ አቅርበው ያውቃሉ። ስለዚህ ባሊንን የመጀመሪያው ብሎ መጥራት ትንሽ ማጋነን ይሆናል። ልዩ የሚያደርገው በአትላንቲክ መሥመር ስሟ ከፍ ያለ ትልቅና አዲስ መርከብ ለዚህ ማውጣቱ፣ ከዚያም ነገሩን አንድ ጊዜ ሞክሮ የሚተው ሳይሆን በየዓመቱ የሚሸጥ ንግድ ማድረጉ ነው።

በሐምቡርግ ወይም በበርሊን ተቀምጦ የሀፓግን ማስታወቂያ ያነበበ ባለጸጋ ነጋዴ ቢያመነታ አይፈረድበትም። ዛሬ ስሙን ሰምቶት በማያውቀው የመዝናኛ መርከብ ድርጅት ትኬት ከመቁረጡ በፊት አንድ ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ያኔም ነበሩ። ከዚህ ቀደም ማን ሄዶ ተመለሰ? ባሕሩ ያጥወለውላል ወይ? ለሁለት ወር ገደማ በአንድ መርከብ ውስጥ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር፣ ምን እየበላሁና ምን እየሠራሁ እቆያለሁ? ባልወደውስ መውረጃው የት ነው? ድርጅቱ በስደተኛ ማጓጓዝ እንጂ በመዝናኛ አይታወቅም። ለባለጸጋው መርከብ ማለት የማይቀር መከራ ነበር፤ ወደ ኒው ዮርክ ለመሄድ ሌላ መንገድ ስለሌለ የሚታለፍ። መከራውን ወድዶ መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ማረጋገጫ ከቤተ መንግሥት መጣ። ከባሕርና ከመርከብ ጋር የተያያዘ ነገር ሁሉ የሚማርካቸው ንጉሠ ነገሥት ቪልሄልም፣ መርከቧ ከመነሣቷ በፊት ራሳቸው ተገኝተው ጎበኟት። የጉብኝቱ ዓላማ ግልጽ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በእግራቸው የረገጡትን መርከብ ተራው ባለጸጋ አይፈራም።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ባሊን ራሱ ነው። ከባለቤቱ ከማሪያነ ጋር ከመንገደኞቹ አንዱ ሆኖ ተሳፈረ። መርከቧ ብትናወጥ እሱም ይናወጣል፣ ምግቡ ቢበላሽ ከዚያው ማዕድ ይበላል፤ ጉዞው መሳቂያ ቢሆን ሸሽቶ የሚደበቅበት ቢሮ የለውም። በዳይሬክተርነቱ ላይ ገና ጥቂት ዓመት የቆየ፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሌለው፣ በዚያ ላይ አይሁዳዊ የሆነ ሰው እንዲህ ባለ ነገር ቢወድቅ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጠው ብዙ ሰው አልነበረም።

መርከቧ በሳውዝሃምፕተንና በጂብራልታር አልፋ ሜዲትራንያን ገባች። እስክንድርያ ላይ መንገደኞቹ ወደ ካይሮና ወደ ፒራሚዶቹ ሄዱ። በያፋ ዳርቻ ፈተና ጠበቃቸው። ያፋ ለትልቅ መርከብ የሚሆን ወደብ ስላልነበራት መርከቦች ርቀው ይቆማሉ፤ ሰው በጀልባ ተጭኖ፣ በዐለቶች መካከል እየተቀዘፈ ነው ወደ የብስ የሚደርሰው። ከያፋ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስደው የባቡር ሐዲድም የተከፈተው በቀጣዩ ዓመት፣ በ1892 ነው። ስለዚህ የአንደኛ ማዕረግ መንገደኛው ከምቹው ክፍሉ ወጥቶ፣ ከዚያ ቀደም ተሳላሚዎች ሲሄዱበት በኖሩት የተራራ መንገድ አቧራውን እየጠጣ ወጣ። ማታ ግን የሚጠብቀው ማረፊያ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። ባሊን የሸጠው ይህንን ነው። እንግዳ አገር ላይ ያለው ድካም ለቀኑ ብቻ ነው፤ አልጋው፣ ምግቡና ቋንቋው ከመንገደኛው ጋር አብረው ይጓዛሉ።

ከቤይሩት በኋላ ቁስጥንጥንያን፣ አቴናንና ማልታን፣ ከዚያም የጣሊያን ወደቦችንና ሊዝበንን ጎብኝተው በመጋቢት ወር ተመለሱ። በጉዞው ላይ የነበረው ሠዓሊ ክርስቲያን ቪልሄልም አለርስ ያየውን በሥዕል አስፍሮ በዚያው ዓመት ባክሺሽ በሚል ርእስ አሳተመ። በምሥራቅ ወደቦች ከመንገደኛው ጆሮ የማይጠፋው የጉርሻ ጥሪ ለመጽሐፉ ስም ሆነ። ለሀፓግ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አልነበረም፤ ማን ሄዶ ተመለሰ ለሚለው ጥያቄ ከነሥዕሉ መልስ ተገኘ። በቀጣዮቹ ዓመታት መርከቦቹ ወደ ኖርዌይ የባሕር ሰርጦችና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ጭምር ወጡ፤ ሌሎች ድርጅቶችም ተከተሉ።

ሥራው ግን ከሽርሽር ይልቅ በስደተኛው ላይ የቆመ እንደነበር ወዲያው የሚያስታውስ መዓት መጣ። እአአ በ1892 በጋ ሐምቡርግ ውስጥ ኮሌራ ገብቶ 8,600 ያህል ሰው ፈጀ። የከተማዋ የመጠጥ ውኃ ሳይጣራ ከወንዙ የሚቀዳ ነበር፤ ጣት የተቀሰረው ግን ከሩሲያ ግዛት በመጡት ስደተኞች ላይ ነው። መንገዱ ተዘጋባቸው፤ ኒው ዮርክም ከሐምቡርግ የሚመጡ መርከቦችን አግዳ አቆየች። ሀፓግ ያለ ስደተኛ መኖር እንደማይችል በዚያ ዓመት በግልጽ ታየ።

ባሊን እአአ በ1899 የድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ በፌደል ደሴት ላይ የስደተኞች ማረፊያ ተከፈተ። ማደሪያው፣ የሕክምና ምርመራው፣ መታጠቢያውና የምግብ አዳራሹ በአንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ፤ ለአይሁዳውያን እንደ ሥርዓታቸው የሚያበስል ወጥ ቤትና ምኩራብ፣ ለክርስቲያኖችም ጸሎት ቤት ተሠርቶ ነበር። በኋላ ተስፋፍቶ እስከ 5,000 ሰው ማስተናገድ ቻለ። እዚህም ሒሳቡ አልጠፋም፤ በሽታ ያለበት ሰው ኒው ዮርክ ደርሶ ቢመለስ ወጪው የድርጅቱ ነው። ቢሆንም ከጋሊሲያ ወይም ከሊትዌኒያ ከነልጆቿ ተሰዳ ለመጣች እናት፣ ንጹሕ አልጋውና ትኩስ ሾርባው በማን ሒሳብ እንደተሠራ የሚያስጨንቃት አልነበረም።

በሌላኛው ጫፍ የመዝናኛው ሥራ የራሱን መርከብ አገኘ። ፕሪንሴሲን ቪክቶሪያ ሉዊዘ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለሽርሽር ብቻ የተሠራች የመጀመሪያዋ መርከብ ተደርጋ ትቆጠራለች። የባለጸጋ የግል ጀልባ መልክ ነበራት፤ ሁሉም ክፍሎቿ አንደኛ ማዕረግ ሲሆኑ የስደተኛ ቦታም የጭነት ክፍልም አልነበራትም። የመጀመሪያ ጉዞዋን የጀመረችው ጥር 1901 ነው። ሆኖም ዕድሜዋ አጭር ሆነ። ታኅሣሥ 16 ቀን 1906 ማታ በጃማይካ ወደ ኪንግስተን ስትቃረብ አዛዡ የመብራት ማማዎቹን አሳስቶ አነበበ፤ መርከቧም በፖርት ሮያል አጠገብ ዐለት ላይ ወጣች። መንገደኞቹ በሙሉ በሰላም ወረዱ። አዛዡ ግን ክፍሉ ገብቶ የራሱን ሕይወት አጠፋ። መርከቧም ከዚያ ወዲያ አልተነሣችም።

ሀፓግ ከሽርሽሩ ንግድ ወደ ኋላ አላለም። በፍጥነት የአትላንቲክን ክብር ያገኘችው ዶይችላንድ ስትሮጥ እጅግ ትንቀጠቀጥ ስለነበር መንገደኞች ያማርሯት ነበር። እሷን ፍጥነቷን ቀንሰው፣ በ1911 ስሟን ቪክቶሪያ ሉዊዘ ብለው ለመዝናኛ አሰማሯት። ለውድድር ያልተመቸችው መርከብ ለመዝናናት ተስማማች።

ባሊን ራሱ በመርከቦቹ ሲጓዝ ማስታወሻ ደብተር ከእጁ አይለይም ነበር። የሚጽፈውም ስለ ታላላቅ ነገሮች አልነበረም። የተጠበሰው ዳቦ እንዳይቀዘቅዝ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቅረብ የሚል ዓይነት ትእዛዝ ነበር። ለንደን ውስጥ ካርልተን ሆቴል የበላው ምግብ ደስ ስላሰኘው፣ በ1905 ሥራ ለጀመረችው አሜሪካ ለተባለችው መርከብ የሪትዝ-ካርልተንን ስም የያዘ ምግብ ቤት አስከፈተ። መንገደኛው በተመደበለት ሰዓት የቀረበለትን ከመብላት ይልቅ በፈለገው ሰዓት የሻውን አዝዞ እንዲበላ የሚያደርግ አሠራር በባሕር ላይ እንግዳ ነበር። የመርከብ ሰዎች ስለ ፍጥነት ሲፎካከሩ እሱ ስለ ቁርስ ይጨነቅ ነበር፤ ከሁለቱ የትኛው መንገደኛን መልሶ እንደሚያመጣ የዛሬዎቹ የመዝናኛ መርከብ ድርጅቶች አሠራር ይናገራል።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ላይ ሀፓግ በዓለም ትልቁ የመርከብ ድርጅት ነበር። ኢምፔራቶር በ1913፣ ፋተርላንድ በ1914 ባሕር ላይ ወጡ፤ ሦስተኛዋ ቢስማርክም በመሠራት ላይ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ሐምቡርግ ሲመጡ ከባሊን ቤት ይገቡ፣ ምክሩንም ይሰሙ ነበር። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ያሉት መኳንንት ግን አይሁዳዊነቱን አልረሱለትም። እሱም ሃይማኖቱን ለመቀየር አልፈለገም።

ባሊን ይህ ሁሉ በሰላም ላይ የቆመ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ደንበኞቹ፣ ተፎካካሪዎቹና ወዳጆቹ እንግሊዞች ነበሩ። የሁለቱን አገሮች የባሕር ኃይል ፉክክር ለማብረድ ለንደን ከሚገኘው የባንክ ሰው ኤርነስት ካሰል ጋር ለዓመታት ደከመ። የእንግሊዙ ሚኒስትር ሎርድ ሃልዴን በ1912 ወደ በርሊን የመጡትም በዚህ ጥረት ነው። በሐምሌ 1914 ባሊን ለንደን ውስጥ ከእንግሊዝ መሪዎች ጋር ተገናኘ፤ ጦርነቱ ሊቀር ይችላል ብሎም ተመለሰ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ጦርነቱ ፈነዳ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። መርከቦቹ በየወደቡ ታሰሩ። ኒው ዮርክ የቆመችውን ፋተርላንድን አሜሪካ ጦርነቱን በተቀላቀለችበት በ1917 ወሰደቻት፤ ስሟም ሌቫያታን ሆነ። የሰላም ድርድር እንዲደረግ መወትወቱን ባይተውም፣ ንጉሠ ነገሥቱን የከበቡት የጦር ሰዎች እውነቱን በነጻነት እንዳይነግራቸው አገዱት። ኅዳር 1918 አብዮቱ ሐምቡርግ ደረሰ። ባሊን በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ ብዙ የማስታገሻ መድኃኒት ወሰደ፤ ኅዳር 9 ቀንም አረፈ። በዚያው ቀን የንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን መውረድ በበርሊን ታወጀ። የ61 ዓመት ሰው ነበር።

ኢምፔራቶርና ቢስማርክ ለጦርነቱ ካሳ ለእንግሊዝ ድርጅቶች ተሰጡ፤ አንዷ ቤሬንጋሪያ፣ ሌላዋ ማጀስቲክ ተባሉ። ሀፓግ እንደገና መርከብ መሥራት ሲጀምር በ1923 ወደ ኒው ዮርክ የላካትን መርከብ አልበርት ባሊን ብሎ ሰየማት። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ የአይሁዳዊ ስም በመርከብ ላይ መታየቱ አልተወደደምና በ1935 ስሟ ሐንዛ ተባለ። የከተማዋ ጎዳና የሟቹን ስም ያገኘው ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1947 ነው። የፌደል ማረፊያም ባሊንሽታት በሚል ስም በ2007 ሙዚየም ሆኖ ተከፍቷል። ሀፓግ በ1970 ከቀድሞ ባላንጣው ከብሬመኑ ኖርድዶይቸር ሎይድ ጋር ተዋሕዶ ሀፓግ-ሎይድ ሲሆን፣ ይህንኑ ስም የያዙ የመዝናኛ መርከቦችም እስከ ዛሬ ይጓዛሉ።

ሐንዛ የተባለችው መርከብ መጋቢት 1945 ባልቲክ ባሕር ላይ ፈንጂ መትቷት ሰጠመች። ሶቪየቶች አወጧት፣ ለዓመታት ጠገኗት፤ ሶቬትስኪ ሶዩዝ ብለው ሩቅ ምሥራቅ ላኳት። ለባሊን መታሰቢያ የተሠራችው መርከብ ሌላ ስም ይዛ፣ ከቭላዲቮስቶክ እየተነሣች በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ሰው ስታመላልስ ኖራ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለብረት ተሸጠች።